ጉሮሮው የተያዘ ሞተር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በሰላም ተገላገለችና አራስ ልጠይቅ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ተሳፈርኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር የደረሰኝ ቦታ ጋቢና፣ ከሾፌሩ ጎን ነው። ማር የሞላ ጣሳ ጭኔ ላይ አቅፌ፣ በመስኮት የሚገባውን የእርጥብ አፈር ሽታ እየማግሁ፣ ዘንድሮ ክረምቱ ቀድሞ ሊገባ ነው እያልኩ አስባለሁ። ከከተማው ትንሽ እንደራቅን ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ቁልቁለቱን ስንይዝ እንደገና በራች። አፏ ላይ ጠብታ ያንጠለጠለች ማንቆርቆሪያ የምትመስለው የዘይት መብራት ናት።

“ልጄ፣ የዘይት መብራትህ በርቷል” አልኩት ሾፌሩን።

“እሷ ሁሌም እንደዚህ ናት፣ ማዘር” አለ ፈገግ ብሎ። “ለምጃታለሁ።”

“አንተ ለምደሃት ይሆናል፤ ሞተሩ ግን አይለምዳትም። ዳር ያዝና አጥፋው።”

ነጠላ ያጣፋች ሴት ስለ ሞተር ስትናገር ምን ብሎ እንደሚመልስ ግራ ገባው መሰለኝ፣ መንዳቱን ቀጠለ። ደግነቱ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ያውቁኝ ኖሯል። “ስማት እንጂ! መካኒክ ናት እኮ!” ብለው ጮኹበት። ወጣቱ ደንግጦ ቆመ። ኮፈኑን ከፍተን የዘይት መለኪያውን ዘንግ ብናወጣው ጫፉ ብቻ ነው ዘይት የነካው። ከወንበር ሥር አንድ ሊትር ነበረውና ጨመረ፤ መብራቷም ጠፋች። እሱ ዘይቱን በቀስታ ሲያንቆረቁር እኔ ከመንገዱ ዳር የማንጎ ጥላ ሥር ቆሜ ነበር። በዚያ ቆይታ አእምሮዬ ይህንኑ መንገድ ይዞ ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ ተመለሰ።

ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ እኔ የወተት ጥርሴን ያልነቀልኩ ሕፃን ነበርኩ። ያደግሁት በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ፣ በቀርከሃ አጥርና በማሽላ ማሳ መካከል ነው። መንደራችን የነበረው አንድ ትራክተር ሲበላሽ ሰው ሁሉ ከቦት ይቆማል፤ እኔ ደግሞ ከሰው እግር መሀል ሾልኬ ገብቼ ከሥሩ እመለከታለሁ። ይኼው አመል አድጎ ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ በአውቶ መካኒክ ተመረቅሁና አሶሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተቀጠርኩ። እናቴ “ልጄ ተማረች” ብላ ስትደሰት ቆይታ፣ የመጀመሪያ ሳምንት ልብሴን ስታጥብ ግን “ለመሆኑ ምን ነበር የተማርሽው?” ብላ ጠየቀችኝ።

የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ጥሩ ባለሙያ ነበሩ፤ ነገር ግን ሰው ቶሎ አያምኑም። ለወራት ያሠሩኝ በናፍታ ዕቃ ማጠብና ብሎን መለየት ነው። አንድ ቀን ሌላው ሁሉ ሥራ በዝቶበት ሳለ አንዲት ነጭ ፒክአፕ ከሥሯ ዘይት እያንጠባጠበች መጣች። ጋሽ ተፈራ ወዲያ ወዲህ አይተው እኔን ጠሩኝ።

“ኮፓውን አውርጂና እንደገና ግጠሚው። እንዳያንጠባጥብ ብቻ!”

ኮፓ የምንለው ከሞተሩ ሥር ዘይቱን የሚይዘውን ገበታ ነው። በእሱና በሞተሩ መካከል ዘይት እንዳያሾልክ የሚገባ ስስ ማሸጊያ አለ፤ ጓርኒሲዮን ይባላል። በዕለቱ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ጓርኒሲዮን አልነበረም። የነበረው ከቱቦ የሚጨመቅ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚሆን ሲሊኮን ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ አይደል? ከማነስ መብዛት ይሻላል ብዬ ዙሪያውን እንደ ጭቃ ለሰንኩት። ብሎኖቹን ሳጠብቅ ወደ ውጭ የወጣውን ትርፍ በጨርቅ አሳምሬ ጠረግሁ። ወደ ውስጥ የገባውን ማን ያየዋል?

በማግስቱ መኪናዋ የቆመችበት መሬት ደረቅ ነበር። ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብለው አዩና “ይሁን” አሉ፤ ከእሳቸው አፍ ይኼ ትልቅ ምስጋና ነው። የፒክአፗ ሾፌር ጋሽ ሀሩን ግን ሳቃቸውን መደበቅ አልቻሉም። ጋሽ ሀሩን የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛን ያወቁት በሥራ ስለሆነ ወንድና ሴት ይምታታባቸዋል። እኔን “ቢንቲ” ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

“ቢንቲ፣ ጎበዝ ነህ” አሉኝ። “ከዛሬ በኋላ ይሄ መኪና ያንተ ነው።”

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት መሬት ሳልረግጥ ነው ማለት ይቻላል።

ከወር ገደማ በኋላ፣ ዝናቡ ዓይኑን መግለጥ ሲጀምር፣ ከካማሺ ወዲያ ባሉ መንደሮች ኩፍኝ መግባቱ ተሰማ። ሕፃናት ሞተዋል። ክትባት በቀዝቃዛ ሳጥን ተደርጎ እንዲሄድ ተወሰነ፤ እናቶችም ሐሙስ ጠዋት ልጆቻቸውን ይዘው እንዲሰበሰቡ መልእክት ተላከ። መኪናው የጋሽ ሀሩን ሆነ። ነርሷ ሲስተር ሌንሴ ነበረች፤ ቤተሰቧ ከወለጋ መጥቶ ባምባሲ የሚኖር፣ ስትስቅ ዓይኗ የሚጠፋ ልጅ። ካማሺ ተበላሽቶ የቆመ የሥራ ሞተር ሳይክል ነበርና እኔም “አይተሽ ነይ” ተባልኩ። ማክሰኞ ማለዳ ተነሣን።

ባምባሲ ቁርስ በላን፤ ሌንሴ ከእናቷ ቤት የሸክላ ገንቦ የሚያህል የማንጎ ዘንቢል ጭና መጣች። ከዚያ ወደ ዳቡስ ወንዝ የሚወስደውን ጠጠር መንገድ ያዝን። እየሳቅን፣ የማንጎ ፍሬ በመስኮት እየወረወርን ስንሄድ ጋሽ ሀሩን በድንገት ወደ ዳሽቦርዱ አጎነበሱ። ዓይናቸው የዘይት ግፊቱን የሚያሳየው ቆጣሪ ላይ ነው። መርፌው እየወረደ፣ እየወረደ ሄዶ ታች ተኛ። ቀዩ መብራት በራ። ወዲያው ሞተሩን አጥፍተው ዳር አስያዙ።

“ያ ረቢ” አሉ መሪው ላይ ግንባራቸውን ደፍተው። “እንደገና?”

“እንደገና” ያሉበት ምክንያት ነበራቸው። ባለፈው ዓመት ሌላ መኪና በእጃቸው ላይ ሞተሩ ነክሶ፣ ማለትም ተጣብቆ አልዞርም ብሎ፣ ቀርቷል። ዘይት ጎድሎ ነድተዋል ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል፤ ሁለተኛ ከተደገመ መሪ እንደማይጨብጡ ጋራዡ ሁሉ ያውቃል። ስድስት ልጆች ያሏቸው ሰው ናቸው።

ዘንጉን አወጣሁት። ዘይቱ ሙሉ ነው። በጣቶቼ መሀል አሸሁት፤ አልቀጠነም፣ ናፍታም አልሸተተም። ምናልባት የሚዋሸው ቆጣሪው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ግፊቱን የሚለካውን ጠቋሚ ከሞተሩ ፈትቼ አወጣሁና ጋሽ ሀሩንን ሞተሩ ሳይነሣ ብቻ እንዲያዞሩት ጠየቅሁ። ጤነኛ ቢሆን ዘይቱ በቀዳዳው ተስፈንጥሮ ይወጣ ነበር። የወጣው ግን አረፋ የተቀላቀለበት፣ እንደ ሕፃን ልጋግ የሚዝረከረክ ነገር ነው። ቆጣሪው አልዋሸም።

“በቃ፣ ሞተሩ አልቋል ማለት ነው?” አለች ሌንሴ በቀስታ።

እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው። ሞተር ውስጡ ሲበላ ዘይቱ በየክፍተቱ ይፈስና ግፊት ያጣል፤ ያ ከሆነ በመንገድ ላይ የሚደረግ ነገር የለም። ያኔ ስልክ በእጅ የለም። ወደ ባምባሲ የሚያልፍ መኪና መጠበቅ፣ ከዚያ አሶሳ መላክ፣ ሌላ መኪና ማስፈቀድ። ሌንሴ የቅዝቃዜ ሳጥኑን ዳሰሰች። “በረዶው ቢበዛ እስከ ሐሙስ ቢይዝልኝ ነው” አለች።

ጠቋሚውን መልሼ ገጠምኩ። ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጥን ጋሽ ሀሩን ተነሥተው ሞተሩን አስነሡ። መርፌው ቀጥ ብሎ ወጣ! እልል ልል አፌን ስከፍት ወዲያው መውረድ ጀመረ። አጠፉት። ጥቂት አሳርፈው ደገሙት፤ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ።

“ቢንቲ” አሉኝ፣ “ይሄ መኪና ሲያርፍ ጤና ነው። ሲሠራ ታመመ። የሞተ ሰው ስላረፈ ይነሣል? አይነሣም። ይሄ አልሞተም። ጉሮሮ ተይዟል።”

የትምህርት ቤት ደብተሬ ላይ ጽፌው የማላውቀውን ነገር እሳቸው በአንድ ቃል ነገሩኝ። ከኮፓው ውስጥ ዘይቱን የሚስበው ቧንቧ አፉ ላይ ወንፊት አለው። ወንፊቱ ቢደፈን ሞተሩ ሲሠራ ቆሻሻው ይሳብና አፉን ያፍናል፤ ሲያርፍ ደግሞ ይለቅና ይወድቃል። የተበላ ሞተር ግን በዕረፍት አይሻለውም።

“ኮፓውን እናውርደው” አልኩ።

ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ያለው ቤት ነበር። መኪናዋን ገፍተን ከጥላው ሥር አስገባናት። የቤቱ ባለቤት አዴ ጫልቱ (አዴ እማማ እንደማለት ነው) ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ ከሌንሴ ጋር በኦሮምኛ ተግባባችና ንጹሕ ሳፋ፣ ጀሪካንና ሰሌን አመጣችልን። በስተምዕራብ ደመናው ጠቁሯል፤ ነጎድጓዱ ከሩቅ እንደ በርሜል ይንከባለላል። ጋሽ ሀሩን የጭነቱን ሸራ ፈተው ከዛፉ ወደ መኪናዋ ወጠሩት፤ ሞተር ተከፍቶ ዝናብ ከገባበት ሌላ መዘዝ ነው። ዘይቱን ወደ ሳፋው አፈሰስነው። ሰሌኑ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። የመጨረሻው ብሎን ከወጣም በኋላ ኮፓው አልላቀቅም ብሎ አስቸገረኝ። ምን ያህል አጥብቄ እንዳጣበቅሁት ያን ጊዜ ልብ አላልኩም።

በመጨረሻ ሲወርድ ቀና ብዬ አየሁ። ወንፊቱ አይታይም። ግራጫ፣ እንደ ትል የተጠቀለለ፣ ጎማ የመሰለ ቁርጥራጭ ሸፍኖታል። በጣቴ ፈልፍዬ አወጣሁና ስስበው ተለጠጠ። የኮፓውን ከንፈር ብመለከት በውስጥ በኩል ያው ግራጫ ነገር በየቦታው ተቆርሶ ተንጠልጥሏል።

የራሴ ሲሊኮን ነው። ወደ ውስጥ የገባው፣ ማንም አያየውም ያልኩት።

መኪና ሥር እንደተኛሁ ቁራጩን መዳፌ ውስጥ ደበቅሁት። ጋሽ ሀሩን ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

“ምን አገኘህ?”

“ቆሻሻ ነው” አልኩ።

ቃሉ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። እሳቸው ግን ወዲያው አመኑኝ። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ፣ “የኔ ጥፋት ነው” አሉ። “ባለፈው ዘይት እኔ ጨመርኩ። በርሜሉ ክዳን አልነበረውም። ቆሻሻ ገባ። ለተፈራ እነግረዋለሁ።”

ይኼኔ “አይደለም” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እጄ ብቻ ሠራ፤ ወንፊቱን በናፍታ አጠብኩ፣ የተንጠለጠለውን ሁሉ በቢላ ፋቅሁ። የተፋቀውን የት እንደምጥል ግራ ገብቶኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ማሸጊያ ያስፈልገን ነበር። ሲሊኮን በሣጥኔ ውስጥ ነበር፤ ለመንካት ግን ጠላሁት። ሌንሴ የመርፌ ካርቶን አራግፋ ሰጠችኝ። ካርቶኑን የኮፓው ከንፈር ላይ አስተኝቼ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ አድርጌ ስመታው የጠርዙ ቅርጽ ታተመ፤ በፋሻ መቁረጫዋ መቀስ ቆርጠን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን በስተን፣ በግሪስ ቀባነው። ዘይቱንም በሌንሴ ንጹሕ ፋሻ አጥልለን መለስነው። እኔ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች ሳጠብቅ ዝናቡ ሸራው ላይ ወረደ።

“ቢስሚላህ” አሉ ጋሽ ሀሩን ቁልፉን ሲይዙ። መጀመሪያ ሳያስነሡት ጥቂት አዞሩት፤ ከዚያ አስነሡት። መርፌው ወጣ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ ቆጠርን፤ ንቅንቅ አላለም። ሌንሴ በዝናቡ ውስጥ ወጥታ ጨፈረች። አዴ ጫልቱ የበቆሎ ቂጣ ከእርጎ ጋር አቀረበችልን። ያን የመሰለ ቂጣ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አንዴ ቆርሼ የቀረውን ለሌንሴ አሳለፍኩላት።

ዳቡስ ድልድይ ስንደርስ ጋሽ ሀሩን ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ ለማየት ቆሙ። ወርደው ከሥር አዩ፤ ደረቅ ነው። ወንዙ ቀይ ጎርፍ ይዞ ይጎርፋል። እየተመለሱ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ “ተፈራ ይቆጣል። ሾፌርነት ቢወስድ ዘበኛ እሆናለሁ። ምን ላድርግ” አሉ። ሌንሴ ሳጥኑን እያየች ስለነበር አልሰማቻቸውም። እኔ ሰማሁ።

ጨርቁን ከኪሴ አውጥቼ ፈታሁት።

“ጋሽ ሀሩን፣ ይኼ ቆሻሻ አይደለም። እኔ የለሰንኩት ሲሊኮን ነው። ሞተሩን ያነቅሁት እኔ ነኝ፤ ቅድም የዋሸሁዎትም እኔ ነኝ።”

አንዷን ቁራጭ አንሥተው በጣቶቻቸው ለጠጧት። ፊታቸው ተለወጠ። እንዲያቅፉኝም አልጠበቅሁም። ቁራጯን ጨርቁ ላይ መልሰው መኪና ውስጥ ገቡ። እስከ መንዲ ድረስ ዓይናቸውን ከመንገዱ አልነቀሉም። ሌንሴ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን እያየች መሀላችን ተቀምጣለች።

መንዲ ሻይ ቤት ስንገባ ከእኔ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሻያቸውን ጨርሰው ተነሡና፣ ከሌንሴ ዘንቢል ማንጎ መርጠው፣ በቢላቸው ልጠው ግማሹን ዘረጉልኝ።

“ብላ” አሉኝ። “በጣም ተናደድኩ። አሁንም ትንሽ አለ። ለተፈራ ግን ማን ይነግራል?”

“እኔ እነግራቸዋለሁ።”

“ወላሂ?”

“ወላሂ” አልኩ፤ በሕይወቴ ብዬው አላውቅም ነበር። ሌንሴ በሳቅ ፈነዳች፤ እሳቸውም ተከተሏት።

ሐሙስ ጠዋት በቦታው ደረስን። እናቶች በዛፍ ሥር ተደርድረዋል፤ ከፊሎቹ ወንዝ ተሻግረው፣ አንድ ሌሊት መንገድ አድረው የመጡ ናቸው። ሌንሴ ሳጥኑን ስትከፍት በረዶው ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም ነበር። “ነይ ንኪው!” ብላ ጠርታ እጄን አስነካችኝ። ከዚያ የመጀመሪያው ሕፃን በመርፌው ጮኸ፤ ሁለተኛው ሳይነካ ጮኸ፤ ከዚያ ሁሉም አብረው። እንደዚያ ቀን የልጅ ለቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጋሽ ሀሩን ሰልፍ ያስይዙ ነበር፤ ያስቸገረውን ሁሉ መሪ እያስጨበጡ ዝም ያሰኙት ነበር።

አሶሳ እንደተመለስን ጨርቁን ይዤ ጋሽ ተፈራ ዘንድ ገባሁና ከነውሸቴ ነገርኳቸው። ጨርቁን ወስደው ገለጡት። ከዚያ ሠራተኛውን ሁሉ ጠርተው፣ ሁሉም ፊት ገሠጹኝ። ወደ ዕቃ ማጠቢያው ተመለሺ ተባልኩ። ነገር ግን እዚያው ቆመን ሳለ “ሀሩን በዚህ አይጠየቅም። መብራቱ እንደበራ ባያጠፋው ዛሬ የምናወራው ስለ ሌላ ነገር ነበር” አሉ። ቀጥለውም፣ “እኔም ስትገጥሚው ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም” ብለው አንገታቸውን ሰበሩ። እሳቸው ተሳሳትኩ ሲሉ ሰምቶ የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

አንድ ወር ዕቃ አጠብኩ። ከወሩ በኋላ ጋሽ ተፈራ የተበላሸ ሞተር ፊት አቁመውኝ፣ “ክፈቺው፤ እኔ እዚህ ቆሜ አያለሁ” አሉኝ። ሥራውን በእውነት የተማርኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ጋሽ ሀሩን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ነዱ፤ መኪናቸውን ከእኔ በቀር ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም ነበር። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃቸው፣ “እሱ ሲያጠፋ ይናገራል” ይላሉ። እሱ የሚሉት እኔን ነው።

ሾፌሩ ዘይቱን ጨምሮ ሲጨርስ ዘይቱ የሚጎድልበትን ምክንያት እንዲያስመረምር ነግሬው ጉዟችንን ቀጠልን። ባምባሲ ደርሼ አራሷን ጠየቅሁ፤ ሕፃኗን ታቀፍኩ። ይህ መንገድ በጸጥታ ችግር ምክንያት ሰው በሥጋት የሚያልፍበት ጊዜም ነበር፤ ዛሬ ማንጎና ሰው ሞልቶት ሳየው ልቤ ይሞቃል።

አሁን አሶሳ ላይ የራሴ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። “ሞተሩ አልቋል” ተብሎ ከሚመጣልኝ መኪና ብዙው አላለቀም፤ ሳይከፍቱ ከመፍረድ ታግሶ ማየት ነው። ይኼ የሥራው ቀላል በኩል ነው። ከባዱ ሌላ ነው። በቀደም አንድ ደንበኛ መኪናውን ወስዶ ከሄደ በኋላ አንድ ብሎን ጠረጴዛዬ ላይ ቀርቶ አገኘሁ። ሊጎዳው የሚችል አልመሰለኝም፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ደወልኩለትና “የእኔ ስሕተት ነው፣ ተመለስልኝ” አልኩት። “መጣሁ” አለ። ይህን ሥራ ስንት ዓመት ሠርቼ፣ ፀጉሬ ሸብቶም እንኳ፣ እንዲህ ያለ ስልክ ከመደወሌ በፊት ቁጥሩን ሁለት ሦስቴ ጽፌ አጠፋለሁ። ግን እደውላለሁ።